ኮዱ የሚናገረውና የማይናገረው፦ የቤንዚን ኢንጀክተር መቆጣጠሪያ ብልሽት እንዴት ይመረመራል?

አንዲት ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ወደ ጋራዥ ገባች እንበል። ሞተሯ ቆማ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ በሾፌሩ ፊት ለፊት የሞተር ምስል ያለበት ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሏል። መካኒኩ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያውን ሲያገናኝ «ፒ0203» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ትርጉሙም «የሦስተኛው ሲሊንደር ኢንጀክተር ሰርኪዩት ብልሽት» የሚል ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የታወቀ ነው። ባለ መኪናው ኢንጀክተር እንዲገዛ ይነገረዋል። ኢንጀክተሩ ተገዝቶ ይገጠማል፤ መብራቱ ግን ተመልሶ ይበራል። ቀጥሎ «እንግዲያውስ ኮምፒዩተሩ ነው» ይባላል፤ ከመጀመሪያው እጅግ የሚበልጥ ገንዘብም ይወጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናዋ እንደተንቀጠቀጠች የምትቀርበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ ከጣት የማይረዝም፣ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ የተበላ ሽቦ ሆኖ ይገኛልና።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት መኪኖች ለብዙ ዓመታት እየተጠገኑ እንደሚያገለግሉ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በትክክል የመመርመር ጥበብ የኪስም የእውቀትም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ አንድ ብልሽት ይዘን፣ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የኦም ሕግ ከሞተር ክዳን ሥር ምን ያህል እንደሚያገለግል እንመለከታለን። የጽሑፋችን ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ኮዱ የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል እንጂ ምን እንደተበላሸ አይነግረንም።

ኢንጀክተር ምን ይሠራል?

የቤንዚን ሞተር በሚገባ እንዲያቃጥል ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቀድሞ ይህን ድርሻ የሚያመጣጥነው ካርቡሬተር ነበር። ካርቡሬተር የሚያልፈው አየር በሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ቤንዚን እየሳበ የሚቀላቅል፣ ከኤሌክትሪክ ስሌት ነፃ የሆነ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ የቤንዲክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቤንዚንን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚረጭ ሥርዓት አቀረበ፤ ሆኖም በጊዜው የነበረው ኤሌክትሮኒክስ አስተማማኝ ስላልነበረ አልተስፋፋም። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት በቮልስዋገን 1600 መኪና ላይ ካቀረበ በኋላ ግን አሠራሩ እየተሻሻለ ካርቡሬተርን ከገበያ አስወጣው።

የከፍታ ጉዳይ የዚህን ለውጥ ጥቅም በግልጽ ያሳየናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲደርስ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። የኢንጀክተር ሥርዓት ግን አየሩን በሴንሰር ስለሚለካ የቤንዚኑን መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ኢንጀክተሩ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ቧንቧ ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ ጥምጥም ሽቦ፣ የብረት መርፌና መርፌውን ወደታች ተጭኖ የሚይዝ ስፕሪንግ አለ። ከበስተኋላው ቤንዚን ከ2.5 እስከ 3.5 ባር በሚደርስ ግፊት ይጠብቃል። ከረንት በጥምጥሙ ሲያልፍ ጥምጥሙ ማግኔት ይሆናል፤ መርፌውን ወደ ላይ ይስባል፤ ቤንዚኑም ይረጫል። ከረንቱ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ መርፌውን ይመልሰዋል። ግፊቱ የተመጠነ ስለሆነ የሚረጨውን ቤንዚን መጠን የሚወስነው በዋናነት መርፌው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ያ ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ በሚዞርበት የቆመ ሁኔታ፣ ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ዑደቱን በሁለት ዙር ስለሚጨርስ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በ150 ሚሊሰከንድ አንድ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ ኢንጀክተሩ የሚከፈተው ለ3 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ማለትም ለሃምሳኛው ያህል ብቻ ነው። በየጊዜው የሚረጨውም ከአንድ ግራም መቶኛ ገደማ ነው።

የኤሌክትሪኩ መንገድ

በብዙ መኪኖች የኢንጀክተር የኤሌክትሪክ ዑደት ብዙ ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ የተሠራ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በፊውዝና በሪሌ አልፎ ለአራቱም ኢንጀክተሮች ያለማቋረጥ ይደርሳል። ኮምፒዩተሩ የሚቆጣጠረው መመለሻውን ነው። የእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሁለተኛ ሽቦ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል፤ እዚያም እንደ ማብሪያና ማጥፊያ የሚያገለግል ትራንዚስተር ሽቦውን ለአጭር ጊዜ ከመሬት፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ያገናኘዋል። ዑደቱ በዚያች ቅጽበት ይሟላል፤ መርፌውም ይነሣል።

ጥምጥሙ በተለመዱት ኢንጀክተሮች ከ11 እስከ 17 ኦም የሚደርስ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ወይም ሬዚስታንስ አለው። 14 ኦም ብለን ብንይዝና ባትሪው 12.4 ቮልት ቢሰጥ፣ በኦም ሕግ መሠረት የሚያልፈው ከረንት 12.4 ሲካፈል ለ14፣ ማለትም 0.89 አምፔር ይሆናል። ይህን ቁጥር እናስታውሰው፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር መንገዱ በሦስት ክፍል የተከፈለ መሆኑን ነው። አንደኛው ኢንጀክተሩ ራሱ፣ ሁለተኛው ሽቦውና ሶኬቱ፣ ሦስተኛው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ትራንዚስተር ነው። ከሦስቱ የአንዱ መቋረጥ ኢንጀክተሩን ዝም ያሰኘዋል፤ ከውጭ የሚታየው ምልክትም አንድ ዓይነት ነው።

ኮምፒዩተሩ ብልሽቱን እንዴት ያውቃል?

ኮምፒዩተሩ ሊያይ የሚችለው በእርሱ በኩል ያለውን የመቆጣጠሪያ ሽቦ ቮልቴጅ ብቻ ነው። ዑደቱ ጤነኛ ሲሆን በዚህ ሽቦ ላይ ሦስት ምልክቶች ይታያሉ። ትራንዚስተሩ ክፍት ሳለ ከረንት ስለማያልፍ በጥምጥሙ ላይ የሚቀር ቮልቴጅ የለም፤ ስለዚህ ሽቦው የባትሪውን ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። ትራንዚስተሩ ሲዘጋና ዑደቱ ሲሟላ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ትራንዚስተሩ እንደገና ሲከፍት ደግሞ በጥምጥሙ ዙሪያ ያለው የማግኔት መስክ በድንገት ስለሚፈርስ፣ ከ60 እስከ 80 ቮልት ገደማ የሚደርስ ስለታም ከፍታ ለቅጽበት ይወጣል። ቦቢና የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስገኘው በዚሁ የፋራዴይ ሕግ ነው።

ኮምፒዩተሩ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ሲጎድል ኮድ ይመዘግባል። አንዳንዱ ኮምፒዩተር የቮልቴጁን መውጣትና መውረድ፣ አንዳንዱ የከፍታውን መኖር አለመኖር ይከታተላል። ሁሉም ግን ምልክቱ መጥፋቱን እንጂ ማን እንዳጠፋው አያይም።

የኮዱ አጻጻፍም ይህንኑ ይመሰክራል። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል መኪኖች ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ በሆነው የምርመራ ሥርዓት መሠረት፣ «ፒ» የሚለው ፊደል ብልሽቱ ከሞተርና ከኃይል ማስተላለፊያ ወገን መሆኑን፣ ተከታዩ ዜሮ ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ መሆኑን፣ 2 የኢንጀክተር ዑደትን፣ 03 የሲሊንደሩን ቁጥር ያመለክታሉ። «ፒ0303» የሚለው ኮድ ግን ሌላ ነው፤ በሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ ቃጠሎው መስተጓጎሉን ብቻ ይናገራል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ቀዳዳው በቆሻሻ የተደፈነ ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ ረገድ ፍጹም ጤነኛ ስለሆነ ፒ0303ን ሊያስመዘግብ ይችላል እንጂ ፒ0203ን አያስመዘግብም። በፒ0203 ምክንያት ኢንጀክተር ማጠብ እንግዲህ ለራስ ምታት የእግር ማሸት ነው።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ወደ ምሳሌያችን መኪና እንመለስ። መርሐችን ቀላል፣ ርካሽና ምንም የማይፈታ ሙከራ እንዲቀድም፣ እያንዳንዱ ሙከራም ከተጠርጣሪዎቹ ቢያንስ አንዱን ነፃ እንዲያወጣ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ማሰብ ብቻ ይጠይቃል። የቆመው አንድ ኢንጀክተር ነው ወይስ አራቱም? አራቱም ቢቆሙ ኖሮ የጋራ የሆነውን ነገር፣ ማለትም ፊውዙን፣ ሪሌውንና የክራንክ ሻፍት ሴንሰሩን እንጠረጥር ነበር። ሦስቱ እየሠሩ አንዱ ብቻ ከቆመ ግን የጋራው መንገድ ነፃ ነው። ጥፋቱ ለሦስተኛው ሲሊንደር ብቻ በተለየው ቅርንጫፍ ላይ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ማዳመጥ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የረጅም ጠመንጃ መፍቻ ጫፍ በኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታው በጆሮ ላይ ሲደረግ የመርፌው መነሣትና መውደቅ ፈጣን ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰጣል። በምሳሌያችን ሦስተኛው ዝም ብሏል። ይህ ኢንጀክተሩ እንደማይከፈት ያረጋግጣል፤ ምክንያቱን ግን ገና አይናገርም።

ሦስተኛው የጥምጥሙን ተቃውሞ መለካት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቴስተሩ በኦም ላይ ሆኖ አራቱም ይለካሉ። 14.0፣ 14.3፣ 14.2 እና 14.1 አገኘን እንበል። ሦስተኛው ከወንድሞቹ አልተለየም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የመዳብ ተቃውሞ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር በ0.39 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በ20 ዲግሪ 14 ኦም የነበረ የመዳብ ጥምጥም በ90 ዲግሪ 17.8 ኦም ይሆናል። ስለዚህ ቀዝቃዛን ከቀዝቃዛ፣ ትኩስን ከትኩስ ማነጻጸር ይገባል። አንዳንድ ጥምጥም ቀዝቅዞ ጤነኛ፣ ሲሞቅ የሚቋረጥ ስለሚሆን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መለኪያውን መድገም ብልህነት ነው።

አራተኛው የማቀያየር ሙከራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሽቦዎቹ የሚደርሱ ከሆነ፣ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኢንጀክተር ሶኬቶች እናቀያይራለን፤ ኮዱን እናጠፋለን፤ ሞተሩንም ለአጭር ጊዜ እናስነሣለን። ሙከራውን ከማድረጋችን በፊት ሁለቱን ትንበያዎች በወረቀት ላይ እንጻፍ። ጥፋቱ የኢንጀክተሩ ከሆነ ችግሩ አብሮት ይሄዳል፤ ኮዱም ፒ0202 ይሆናል። ጥፋቱ የሽቦው ወይም የኮምፒዩተሩ ከሆነ ኮዱ በፒ0203 ይጸናል፤ እስካሁን ዝም ያለው ሦስተኛው ኢንጀክተር ደግሞ ድምፅ ያሰማል። በምሳሌያችን የሆነው ሁለተኛው ነው። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ኢንጀክተሩ ነፃ ወጣ። ሶኬቶቹንም ወደየቦታቸው እንመልሳለን።

የቮልት መለኪያው ወጥመድ

አሁን ሽቦው ቀረበ። የሦስተኛውን ሶኬት ነቅለን፣ ቁልፉን ከፍተን፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በፖዘቲቩ ቀዳዳ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ስናደርግ 12.4 ቮልት እናነባለን። ብዙ መርማሪ እዚህ ላይ «ኤሌክትሪክ ይደርሳል፤ ሽቦው ደህና ነው» ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ይሻገራል። ውድ አንባቢያን፣ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው በዚህ ቦታ ነውና ጥቂት እንቆይበት።

በላስቲኩ ውስጥ የሽቦው ክሮች በእርጥበት ተበልተው፣ በቀረው ቀጭን ክርና በአረንጓዴ ዝገት በኩል ብቻ ተገናኝተው፣ ያ ቦታ 200 ኦም ተቃውሞ ፈጥሯል እንበል። የተለመደ ዲጂታል ቴስተር የራሱ ውስጣዊ ተቃውሞ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው። በእርሱ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከምንም ስለማይቆጠር በ200 ኦሙ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ከአንድ ሚሊቮልት በታች ነው። ቴስተሩ 12.4 ሲል አልዋሸም፤ የጠየቅነው ጥያቄ ግን ትክክለኛው አልነበረም።

14 ኦም ኢንጀክተር ሲሰካ ጠቅላላው ተቃውሞ 214 ኦም ይሆናል። ከረንቱ 12.4 ሲካፈል ለ214፣ ማለትም 0.058 አምፔር ብቻ ነው። ከላይ ካስታወስነው 0.89 አምፔር ጋር ሲነጻጸር አሥራ አምስተኛው ያህል ነው። ለኢንጀክተሩ የሚደርሰው ቮልቴጅም 0.8 ገደማ ነው። መርፌው አይነሣም። በማግኔት መስክ ውስጥ የሚከማቸው ኃይል ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ከሁለት መቶኛ በታች ይወርዳል፤ ኮምፒዩተሩ የሚጠብቀው ስለታም ከፍታም ይጠፋል። ኮዱ የተመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ የማይወርድበትን ቧንቧ በግፊት መለኪያ ብቻ መርምሮ «ደህና ነው» እንደማለት ነው፤ ቧንቧው ጠብቦም ቢሆን ውኃው ካልፈሰሰ ግፊቱ ሙሉ ይመስላልና።

ስለዚህ ሽቦ የሚፈተነው ሥራ ሲሠራ ነው። 5 ዋት የሆነች የ12 ቮልት አምፖል በፖዘቲቩ ቀዳዳና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ብናገናኝ 0.4 አምፔር ያህል ትጠይቃለች። በሁለተኛው ሶኬት ላይ ደምቃ ትበራለች፤ በሦስተኛው ላይ ግን አትበራም። አምፖሏ እንደተገናኘች የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሁለተኛው፣ ሌላውን በሦስተኛው ሶኬት ፖዘቲቭ ላይ ብናደርግ ወደ 12 ቮልት የሚጠጋ ልዩነት እናነባለን። ከአንድ ምንጭ በሚቀዱ ሁለት ጤነኛ ሽቦዎች መካከል ይህ ልዩነት ከዜሮ ብዙም ሊርቅ አይገባም ነበር። ኤሌክትሪኩ የጠፋበት ስፍራ በሁለቱ መጋጠሚያና በሦስተኛው ሶኬት መካከል ነው። ሽቦውን በጣት እየተከተሉ፣ እያጠፉና እየነቀነቁ ሲሄዱ አምፖሏ ብልጭ የምትልበት፣ ወይም ላስቲኩ ያበጠና የለሰለሰበት ቦታ ይገኛል። የተበላው ክፍል ተቆርጦ በውፍረቱ እኩል በሆነ ሽቦ ይተካል፤ በሚገባ ይበየዳል፤ ይሸፈናል። ኮዱ ከጠፋ በኋላ ሞተሩ ሞቆ ኮዱ ካልተመለሰ ምርመራው ተፈጸመ ማለት ነው።

ተራው የኮምፒዩተሩ ሲሆን

ፖዘቲቩ ደህና ሆኖ ቢገኝስ? በኢንጀክተሩ ሶኬት ላይ ለዚሁ ተብላ የተሠራች ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል ሰክተን ሞተሩን እናስነሣለን። አምፖሏ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለች የኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ይደርሳል። ካላለች፣ ባትሪው ተፈትቶና የኮምፒዩተሩ ሶኬት ተነቅሎ የመቆጣጠሪያው ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈተሻል። ሽቦው ካልተቋረጠና ከመሬት ጋርም ካልተነካካ ብቻ ኮምፒዩተሩ ይጠረጠራል። ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው ቀደም ሲል የገለጽናቸውን ሦስቱን ምልክቶች በዓይኑ ሊያይ ይችላል፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የቤተ ሙከራ ልምምድ የለም።

ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ ከተገኘም ጥያቄው አላለቀም። ለምን ተቃጠለ? የአንድ ኢንጀክተር ጥምጥም እርስ በርሱ ተነካክቶ ተቃውሞው ወደ 2 ኦም ቢወርድ ከረንቱ ወደ 6.2 አምፔር ይወጣል፤ ይህም ትራንዚስተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ኢንጀክተሩን ሳይለኩ አዲስ ኮምፒዩተር መግጠም አዲሱንም ለዚያው እሳት ማቅረብ ነው።

ጥንቃቄ

ጉዳዩን ቸል ማለት የሚያስከትለው ጉዳት እንደ ብልሽቱ ዓይነት ይለያያል። ኢንጀክተሩ ካልተከፈተ ያልተቃጠለ አየር ወደ ጭስ ማውጫው ያልፋል፤ የኦክስጅን ሴንሰሩም ቤንዚን አነሰ ብሎ ስለሚያሳይ ኮምፒዩተሩ ለሌሎቹ ሲሊንደሮች ያለ አግባብ ቤንዚን ሊጨምር ይችላል። የመቆጣጠሪያው ሽቦ ከመሬት ጋር ቢነካካ ግን ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ኢንጀክተሩ ሳይዘጋ ይረጫል። ቤንዚኑ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፤ የጭስ ማጣሪያውን ከመጠን በላይ ያሞቃል፤ ሲሊንደሩንም ሊሞላ ይችላል። እንዲህ ያለች መኪና ወዲያው ማጥፋት ይገባል።

ለመርማሪውም ምክር አለን። የቤንዚን ሽታ ባለበት ቦታ የእሳት ብልጭታ የሚፈጥር ሙከራ አይደረግም። ወደ ኮምፒዩተሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ የባትሪን ፖዘቲቭ በቀጥታ መንካት ትራንዚስተሩን ሊገድል ይችላል። ከቺንጋና ከቬንትሌተር እጅና ልብስ ይራቅ። ቤንዚንን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጩ ሞተሮችና በዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ የኢንጀክተሩ ቮልቴጅም የነዳጁም ግፊት እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ እዚህ የተገለጹት ሙከራዎች እንዳሉ አይሠሩባቸውም።

ማጠቃለያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። መኪናዋ በሽታዋን አልደበቀችም፤ በኮድ ተናግራለች። የጎደለው የሰሚው ትዕግሥት ነበር። ያደረግነውን መለስ ብለን ብናይ ግምት አቀረብን፤ ከእያንዳንዱ ግምት ምን እንደሚከተል አስቀድመን ተናገርን፤ ከዚያም ሙከራው እንዲፈርድ አደረግን። ይህ በቤተ ሙከራም በጋራዥም ያው አንድ የሳይንስ መንገድ ነው። ዕቃ መለዋወጥ ዕድልን መሞከር ሲሆን፣ መለካት ግን ማወቅ ነው።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች፦

1. በተበላው ቦታ ያለው ተቃውሞ 200 ሳይሆን 6 ኦም ቢሆን፣ በ14 ኦም ኢንጀክተር ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ስንት ይሆናል? አምፖሏስ በግልጽ ትለየው ነበርን?

2. ሶኬቶቹ ከተቀያየሩ በኋላ ፒ0202ም ፒ0203ም ሳይመዘገብ ሞተሩ በደህና ቢሠራ ምን እንጠረጥራለን?

3. አራቱም ኢንጀክተሮች በአንድ ጊዜ ቢቆሙ፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ሙከራዎች የትኞቹ ጥቅም አልባ ይሆናሉ? ለምን?